ከተራራ ሥር ለሚኖሩ ወገኖች ጠባቂ ይመደብላቸው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደዱኝ ሁለት ቀኖች ናቸው። አንደኛው ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ በከባድ ዝናብ የራሰው ተራራ ተንዶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን አፈር ያለበሰበት ዕለት። ሁለተኛው ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ በስዊዘርላንድ የአልፕስ ተራሮች መካከል የምትገኘው ብላተን የተባለች መንደር፣ ከበላይዋ የነበረው የበረዶ ግግር ከነአለቱ ተደርምሶ ወርዶባት፣ ከአሥር እጅ ዘጠኙ እጅ የተቀበረችበት ዕለት። በሁለተኛው አደጋ ሕይወቱን ያጣው አንድ ሰው ነው።

ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አድርጌ ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ ይነሣኛል። በብላተን ላይ የወረደው ናዳ በሚሊዮን የሚቆጠር ሜትር ኪዩብ በረዶና ድንጋይ ነበር፤ መንደሩ ውስጥ ሰው ቢኖር ኖሮ የሚተርፈው ጥቂት ነበር። ነገር ግን ከመንደሩ በላይ ያለው አለት እየተሰነጣጠቀ በግግሩ ላይ መራገፍ መጀመሩን፣ ግግሩም ከክብደቱ የተነሣ ወደ ታች መንሸራተቱን ማፋጠኑን ባለሙያዎች በየቀኑ እየለኩ ይከታተሉ ስለነበር፣ 300 የሚሆኑት ነዋሪዎች ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ ግንቦት 11 ቀን፣ ከነከብቶቻቸው እንዲወጡ ተደርገዋል። በጎፋ ግን የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ቤተሰቦች ለማውጣት የተሰበሰበው ጎረቤት፣ ከቀበሌው አስተዳዳሪ፣ ከመምህራን፣ ከጤናና ከግብርና ባለሙያዎች ጋር በእጁና በአካፋው ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ በላዩ ላይ ወረደ። ከሞቱት ብዙዎቹ ሰው ለማዳን የሮጡ ሰዎች ናቸው። ወደ ላይ ቀና ብሎ ተራራውን እንዲያይ የተመደበ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ በጡረታ የተገለልኩ፣ አራት ኪሎ አካባቢ የምኖር ሰው ነኝ። ስለ በረዶ ግግር ባስተማርኩ ቁጥር ከተማሪዎቼ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «መምህር፣ እኛ አገር የሌለውን ነገር ለምን እንማራለን?» ዛሬም የኪሊማንጃሮ በረዶ እየቀለጠ ነው የሚል ዜና ሲሰማ ይኸው ጥያቄ በትልልቅ ሰዎች አንደበት ሲመለስ እሰማለሁ። አማርኛችን ከደመና የሚወርደውንም፣ በተራራ አናት ላይ የሚረጋውንም «በረዶ» ስለሚለው፣ ልጆቹ ግግር የሚባለውን ከክረምቱ የበረዶ ውርጅብኝ ለመለየት ጊዜ ይወስድባቸው ነበር። ግግር ማለት ከዓመት ዓመት ሳይቀልጥ የተደራረበ አመዳይ በራሱ ክብደት ተጠቅጥቆ ጠጣር በረዶ ሲሆንና እንደ ዝግተኛ ወንዝ ወደ ታች መሳብ ሲጀምር ነው። ይህም በአገራችን ነበር። በባሌ በሳነቴ አምባ፣ በአርሲና በሰሜን ተራሮች ላይ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ግግሩ እየገፋ የከመረው ድንጋይ እስከ ዛሬ ባለበት ይገኛል። በረዶው ቢሄድም ተራራውና ቁልቁለቱ፣ በቁልቁለቱም ላይ የሚያርሰው ገበሬ ቀርተዋል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የአፍሪካ መሬት አብዛኛው የሚገኘውም በእኛው አገር ነው። ስለዚህ በሌላው ዓለም ከግግር በታች የሚኖሩ ሰዎች ራሳቸውን ከአደጋ ለመጠበቅ የደከሙትን ድካም፣ የተሳካላቸውንም የከሸፈባቸውንም፣ ከእኛ ይልቅ በጥሞና ሊያጠናው የሚገባ ሕዝብ ጥቂት ነው።

በአፍሪካ ዛሬ የበረዶ ግግር የቀረው በሦስት ቦታዎች ብቻ ነው፤ በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ላይ ባለው ርዌንዞሪ። ኪሊማንጃሮ እ.ኤ.አ. በ1912 ከነበረው በረዶ ከ80 በመቶ በላይ አጥቷል፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ በሦስቱም ተራሮች ያለው ግግር እስከ 2050 ሊጠፋ እንደሚችል አስታውቋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተካከል እወዳለሁ። ብዙ ሰው የኪሊማንጃሮ ሥር ነዋሪ ውኃ የሚያገኘው ከበረዶው ይመስለዋል። አብዛኛውን ውኃ የሚሰጠው ግን በተራራው ወገብ ላይ ያለው ደን የሚቀበለው ዝናብና ጉም ነው፤ የቻጋ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ በቦይ እየጠለፉ ማሳቸውን የሚያጠጡትም ይህንኑ ውኃ ነው። ደኑ ከተመነጠረ በረዶው ቢኖርም ምንጩ ይደርቃል፤ ዝናቡም በአፈሩ ውስጥ ሳይሰርግ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። የእኛ ደጋ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

በእስያና በደቡብ አሜሪካ ከፍተኛ ተራሮች ግን አደጋው ሌላም መልክ አለው። ግግሩ ወደ ላይ ሲያፈገፍግ ለብዙ ዘመን ሲገፋው የኖረውን የድንጋይና የአፈር ክምር ከፊቱ ትቶት ይሄዳል፤ የቀለጠው ውኃም ከክምሩ ጀርባ ተጠራቅሞ ሐይቅ ይሆናል። ይህ ግድብ መሐንዲስ ያልሠራው፣ ልል አፈርና ድንጋይ ነው። በዚያ ላይ አለቱን እንደ ሙጫ አጣብቆ የያዘው የምድር ውስጥ በረዶ ሙቀቱ ሲጨምር ስለሚላላ ቋጥኝ እየተገመሰ ይወርዳል። አንድ ትልቅ የበረዶ ወይም የአለት ገማሳ ሐይቁ ውስጥ ሲወድቅ የሚነሣው ማዕበል ክምሩን ጥሶ ይወጣና ሸለቆውን ይዞ፣ ቤትና ድልድይ እየጠራረገ ይወርዳል። በዓለም ዙሪያ 15 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንዲህ ያለ ጎርፍ ሊደርስባቸው በሚችል ስፍራ ይኖራሉ፤ ከግማሽ በላዩ በሕንድ፣ በፓኪስታን፣ በፔሩና በቻይና ናቸው።

ፔሩ ይህን የተማረችው በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ፓልካኮቻ የተባለው ሐይቅ ተጥሶ ከሥሩ ያለውን የዋራስን ከተማ ሲሶውን ያህል ሲያወድም ቢያንስ 1,800 ሰዎች አልቀዋል። ከዚያ በኋላ መንግሥት የተራራ ሐይቆችን ብቻ የሚከታተል መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ሐይቆቹን እየቆጠረ፣ አደገኞቹን በዋሻና በቦይ እያጎደለ፣ አፋቸውን በግንብ እያጠናከረ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። ከእነዚህ አንዱ ካርዋስ ከተባለችው ከተማ በላይ ያለው፣ በቁጥር 513 ተብሎ የሚጠራው ሐይቅ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በዋሻ ውኃው እንዲጎድል ስለተደረገ፣ በ2010 ትልቅ የበረዶና የአለት ናዳ ሲወድቅበት ጎርፉ ማሳና ድልድይ ቢጎዳም ከባድ እልቂት ሳይደርስ ቀርቷል።

ይሁንና ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው በዚያው ሐይቅ ላይ በኋላ የደረሰው ነገር ነው። ከ2010ሩ ጎርፍ በኋላ የውጭ ባለሙያዎች ከአገሬው ጋር ሆነው ካሜራና የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ያለው ዘመናዊ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ተከሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዝናብ ጠፋና ድርቅ ሆነ። ገበሬዎቹ «ደመናውን የሚበትንብን ይህ ከላይ የቆመው መሣሪያ ነው» ብለው ወጥተው ነቃቀሉት። እኔ ገበሬዎቹን አላማቸውም። ከሰማይ በታች ያላቸው ተስፋ ዝናብ ብቻ የሆነ ሰዎች፣ ማን እንደተከለው፣ ለማን እንደሚናገር በውል ያልገባቸውን ብረት ከተራራቸው ላይ ቆሞ ሲያዩ ቢጠራጠሩት አያስደንቅም። በኔፓልም ጾ ሮልፓ ከተባለው ሐይቅ በታች ባሉ መንደሮች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተተከሉት የማስጠንቀቂያ ጡሩምባዎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጥገና እጦት ዝም ብለዋል። በዚያው አገር ኢምጃ ሐይቅ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የኔፓል ጦር ከ5,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቦይ ቆፍሮ ውኃውን ከ3 ሜትር በላይ ዝቅ ማድረግ ችሏል። ቦይ ባትሪ አይፈልግም፤ መሣሪያ ግን ዘወትር የሚጠብቀውና የእኔ ነው የሚለው ባለቤት ይፈልጋል።

አሁን ወደ ራሴ ቤተሰብ ልመለስ። አጎቴ የሚኖሩት ከጣርማበር በታች፣ ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ያ አካባቢ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በይዛባ ወይን በደረሰው ትልቅ የመሬት መንሸራተት ብዙ ሕዝብ ቤት ንብረቱን ያጣበት ስለሆነ፣ የአገሬው ሰው መሬት እንደሚሄድ ከማንም መስማት አያስፈልገውም። በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ ሦስት ቀን ሳያባራ ከዘነበ በኋላ የአጎቴ ቤት በር አልገጥም አለ። እንጨቱ በእርጥበት አብጦ መስሏቸው ነበር። በማግስቱ ከቤታቸው ጀርባ አውድማው ዳር አውራ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አዩ፤ ሁልጊዜ ጥርት ብሎ የሚፈልቀው ምንጭም ደፍርሶ ነበር። አጎቴ ፊደል የቆጠሩት በቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ያደረጉት ግን ማንኛውም መሐንዲስ የሚያደርገውን ነው። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት የወይራ ችካል ተከሉ፣ በመካከላቸው ሲባጎ ወጠሩ፤ ከዚያ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በጣታቸው እየለኩ ስልክ ይደውሉልኝ ጀመር። እኔም አራት ኪሎ ቁጭ ብዬ እመዘግብ ነበር። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሦስት ጣት። ነሐሴ አጋማሽ አንድ ስንዝር። ከፍልሰታ በኋላ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት፣ የአውድማው የታችኛው ጠርዝም ከላይኛው በክንድ ያህል ዝቅ ብሎ።

አጎቴ ይህን ይዘው ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄደው ነበር። ማመልከቻ በጽሑፍ እንዲያመጡ ተነገራቸው፤ አመጡ። ባለሙያ ክረምቱ ሲወጣ እንደሚላክ፣ ለጊዜው መኪና እንደሌለ ተነገራቸው። እኔም ከዚህ ከከተማው ሆኜ ወደ ተለያዩ ቦታዎች ደወልኩ፤ አንዱ ወደ ሌላው እየመራኝ ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ አጎቴ በራሳቸው ውሳኔ ልጆቻቸውንና ከብቶቻቸውን ይዘው ማዶ እኅታቸው ዘንድ ገቡ። ጳጉሜን ውስጥ በአንድ ሌሊት የአውድማው ግማሽ ከጎተራው ጋር ወርዶ ሸለቆው ውስጥ ተከመረ። ሰው አልተጎዳም። መስከረም ወጣ፣ መስቀል አለፈ፤ ባለሙያ አልመጣም። ከዚያ ሁሉ ልፋታቸው የቀረው የትም ያልተመዘገበው፣ በእኔ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ብቻ ያለው የጣትና የስንዝር ቁጥር ነው።

በዚህ ነገር ወቀሳ ለማንም መላክ አልፈልግም። የምለው፣ በአገራችን ከቁልቁለት በታች በሚኖር በየመንደሩ እንደ አጎቴ ያለ ተመልካች አለ፤ የጎደለው ያየውን የሚቀበለውና መልስ የሚሰጠው ወገን ነው። ባለሙያ እንኳ ባይደርስ፣ ጥቂት ሳንቲሜትር የተከፈተ ስንጥቅ፣ የደፈረሰ ምንጭ፣ ያዘነበለ ባሕር ዛፍ፣ የማይገጥም በር በአንድ የታወቀ ስልክ ቁጥር ቢነገር፣ ያንን የሚሰማ ሰው ከሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዝናብ ትንበያ ጋር አስተያይቶ «ዛሬ ማታ እዚያ ቤት አትደሩ» ለማለት ይችል ነበር። ጤና ኤክስቴንሽን ከተጀመረ በኋላ ባሉት ዓመታት ከ30,000 በላይ ሴቶች ለየቀበሌው ሠልጥነው ተመድበው የእናቶችንና የሕፃናትን ሕይወት ማትረፍ መቻላችንን ሁላችንም አይተናል። ለአደጋ ተጋላጭ ቁልቁለት በሚበዛባቸው ቀበሌዎችም ከመንደሩ ነዋሪዎች መካከል አንድ ሰው ተመርጦ፣ በወር ጥቂት ደመወዝ ተቆርጦለት፣ አንድ የዝናብ መለኪያ፣ ችካልና ሜትር፣ አንድ ስልክ ቢሰጠው ወጪው ከአንድ መኪና ነዳጅ አይበልጥም። ተቀጣሪው ግን የመንደሩ ተወላጅ ይሁን፤ የካርዋስ ገበሬዎች የነቀሉት መሣሪያ ከመካከላቸው አንድ የሚወዱት ሰው በየቀኑ የሚያነበው ቢሆን ኖሮ አይነቅሉትም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለማስጠንቀቂያውም ከውጭ ጡሩምባ ማስመጣት አያስፈልግም። እድራችን ጡሩምባ ነፊ አለው። በሞት ጊዜ ሌሊት ተነሥቶ መንደሩን የሚዞር፣ ድምፁን ሰው ሁሉ የሚለየው፣ የድካሙን ዋጋ እድሩ የሚከፍለው። ባትሪው አያልቅም፣ ዕቃውም አይሰረቅም። ለሞት የሚነፋበትና ለናዳ የሚነፋበት ድምፅ እንዲለያይ ከተስማማን፣ የኔፓል መንደሮች ያጡትን ነገር እኛ ቀድሞ በእጃችን ይዘነዋል። ጡሩምባው በሰማው ሰው ላይ የሚያስከትለውን ግን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። «ውጣ» የተባለ ገበሬ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከብቴስ? እህሌስ? መሬቴንስ ማን ይይዝብኛል?» የሚለውን ነው። በብላተን እንኳ እንስሳቱ አብረው እንዲወጡ ተደርገዋል። እንግዲያው የት እንደሚታደር፣ ከብቱ የት እንደሚታሰር፣ ወጥቶ የቆየበት ጊዜ በይዞታ ደብተሩ ላይ ምንም እንደማያጎድልበት በጽሑፍ የተረጋገጠ ውል ካልተያዘ፣ ገበሬው ስንጥቁን እያየ ቤቱ ውስጥ ይተኛል።

ስለ ጎፋው ሁለተኛ ናዳም በድፍረት ልናገር። ጩኸት የሰማ ጎረቤት ሮጦ መድረሱ የደማችን ልማድ ነው፤ «አትድረሱ» ለማለት ማንም አይችልም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን ከሚቆፍሩት መካከል አንድ ሰው ጡሩምባውን ይዞ ከናዳው ወደ ጎን፣ ተራራውን ማየት በሚችልበት ቦታ ቆሞ ከላይ የሚወርድ ትንሽ ድንጋይ፣ የሚፈልቅ ጭቃ ወይም የሚንቀሳቀስ ዛፍ ባየ ጊዜ እንዲነፋ፣ በአንድ ጊዜም የሚቆፍረው ሰው በቁጥር እንዲወሰን አስቀድሞ ቢለመድ፣ በዚያች ሰኞ ጠዋት ብዙ ሰው በሕይወት ይኖር ነበር። ይህ ትምህርት በእድር ስብሰባ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ግቢ፣ በትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ በግማሽ ሰዓት ሊሰጥ ይችላል።

ከተራራው በታች ያሉት ከተሞችም ነገሩ አይመለከተንም ሊሉ አይገባም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋን ያጥለቀለቀው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የፈጀው፣ ዝናቡ በሌሊት በላይኛው ደጋ ላይ ወርዶ ነው፤ የከተማው ሰው ጎርፉን የሰማው በራፉ ላይ ሲደርስ ነበር። እኔም ሐምሌ ሲገባ ከቤቴ ሆኜ የቀበና ወንዝን ድምፅ ሌሊት ሌሊት እሰማለሁ፤ በእንጦጦ አናት ላይ ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘነበ ግን ወንዙ ዳር ካሉት ሰዎች የሚያውቅ የለም።

አዲስ አበባ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ላይ ሁለተኛውን የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ አስተናግዳለች፤ እ.ኤ.አ. በ2027 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት 32ኛው የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ በዚህችው ከተማ ይካሄዳል። ይህ ታላቅ ዕድል ነው። በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ዋና ከተማ የምታስተናግደው ጉባኤ ስለ ተራራ ሰው ካልተናገረ ማን ይናገራል? በዚያ ጉባኤ ላይ የርዌንዞሪና የኪሊማንጃሮ፣ የአንዲስና የሂማላያ ገበሬ ከጎፋና ከጣርማበር ገበሬ ጋር በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ ያየውን በራሱ አንደበት እንዲናገር ቦታ ይያዝለት። በአየር ንብረት ለውጥ የሚደርሰውን ጉዳት የሚክሰው ዓለም አቀፍ ፈንድም ለተራራ መንደሮች ጠባቂና መውጫ ቦታ የሚሆን ገንዘብ እንዲመድብ የእኛ ተደራዳሪዎች ከወዲሁ ጥያቄውን ይዘው ይግቡ። የተራራ ሰው ድምፅ ሊሰማ እንደሚችል ማስረጃ አለ፤ ብላተን በተቀበረችበት በዚያው ዕለት፣ ግንቦት 20 ቀን፣ የጀርመን ፍርድ ቤት የዋራስ ነዋሪ የሆነ አንድ ገበሬ አር ደብሊው ኢ በተባለው የኃይል ኩባንያ ላይ ያቀረበውን ክስ ወስኗል። ገበሬው ከሐይቁ ጎርፍ ለመከላከል ከሚወጣው ወጪ ኩባንያው ድርሻውን እንዲከፍል የጠየቀው አልተፈቀደለትም፤ ነገር ግን አየርን የሚበክሉ ኩባንያዎች በመርሕ ደረጃ በሩቅ አገር ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ ሊሆኑ እንደሚችሉ ፍርድ ቤቱ ተናግሯል። ከአንዲስ ሸለቆ የተነሣ አንድ ሰው ለዚህ አሥር ዓመት ያህል ተሟግቷል።

ጋዜጣችሁን የምጠይቀው ይህን ነው። ሰኔ ሳይገባ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንንና የጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩትን፣ የሚቲዎሮሎጂውንም መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች አነጋግራችሁ፣ በየትኞቹ ወረዳዎች ቁልቁለቱ እንደሚያሠጋ፣ ስንጥቅ ያየ ገበሬ በየትኛው ስልክ ቁጥር ቢደውል ሰው እንደሚያነሣለት፣ ካነሣለትም በስንት ቀን ውስጥ ባለሙያ እንደሚደርስለት ጠይቃችሁ መልሱን አትሙልን። አጎቴ ዘንድሮ በቀረችው የአውድማ ክፍል ላይ ሁለቱን ችካሎች ደግመው ተክለዋል፤ ቁጥሩን የምነግርላቸው ቦታ እስካሁን አላገኘሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር፣
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ